ጉዞ ወደ ኤርታሌ፦ ከመኪናው ሆድ ሥር

ስለ አፋር ምድር ሲወራ አስቀድሞ የሚነሳው ሙቀቱ ነው። እውነትም ነው። ዳሉል እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት አማካይ ዓመታዊ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ የተመዘገበ ቦታ ነው። ይሁንና ወደ ኤርታሌ የሚጓዝን ሰው ከሙቀቱ ባላነሰ የሚፈትነው ድንጋዩ ነው። ሙቀቱን በውሃና በጥላ እንቋቋመዋለን። የድንጋዩን ምት የሚቀበለው ግን መኪናው ነው፤ ከመኪናውም አካል ሁሉ ምቱን ለመቻል እጅግ ደካማ የሆነው ከሞተሩ ሥር የተንጠለጠለው የዘይት መያዣ ነው። መካኒኮቻችን ከጣሊያን በወረሱት ቃል «ኮፓ» ይሉታል።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ አንድ ላሜራ ይህን ያህል መጻፍ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። ታገሡን፤ በዚያ ላሜራ ላይ የስድስት ሰው ቀን ተንጠልጥሎ ነበር።

ጉዞው የተደረገው በጥር 2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤት የዕረፍት ሳምንት ነው። ስምንት መምህራን ገንዘብ አዋጥተን ሁለት ላንድክሩዘር ተከራየን። ከሰመራ ተነስተን ሰርዶ ላይ ከጅቡቲው መንገድ ወደ ሰሜን ተገነጠልንና አፍዴራ ደረስን። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ውሃው በዳርቻው ወደተዘጋጁት ኩሬዎች ይገባል፤ ፀሐይ ታተነዋለች፤ የቀረው ጨው በጆንያ ተሞልቶ በከባድ መኪና ይጫናል። በቤታችን ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ልጅ ቢኖር አፍዴራ አንድ ቀን ማየት በቂው ነው።

ከአፍዴራ ወደ ኩርሳዋድ፣ ከኩርሳዋድ ወደ ዶዶም ነው መንገዱ። በመጀመሪያ አሸዋ አለ። እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ በመሆኑ ሾፌሮች የጎማውን አየር ይቀንሳሉ፤ ጎማው ተዘርግቶ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ከአሸዋው ቀጥሎ ግን እሳተ ገሞራው ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ይጀምራል፤ በአሸዋው ላይ የጠቀመው የጎማ አየር መቀነስ እዚያ ጠላት ይሆናል። አየሩ የጎደለ ጎማ መኪናውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ያወርደዋልና። ሾፌራችን ይህን ስለሚያውቁ ድንጋዩ ሲጀምር ወርደው አራቱንም ጎማ እንደገና ነፉ። ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቸኩለው አይናገሩም፣ ቸኩለውም አይነዱም።

ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ባልደረባችን የድንጋዩን ጠባይ በመስኮት እያሳየን ነገረን። የቀለጠው ድንጋይ ሲፈስ ላዩ ፈጥኖ ይረጋል፤ ውስጡ ግን ገና ፈሳሽ ስለሆነ መንገዱን ይቀጥላል። ስለዚህ በየቦታው ላዩ እንደ ተጠቀለለ ገመድ የተሸበሸበ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ቅርፊት ይቀራል። ሲያዩት ጠንካራ ወለል ይመስላል። ሰው ቢራመድበት እንደ ሸክላ ድምፅ ይሰጣል። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሲወጣበት ግን ይሰበራል። ጎማው ይሰጥማል፤ ሆዱ በተሰበረው ቅርፊት ጠርዝ ላይ ያርፋል። የዚያ ጠርዝ ስለት ደግሞ የተሰባበረ ጠርሙስ ነው ማለት ይቻላል። ግመል በዚህ ላይ ቀስ ብሎ እየመረጠ ይሄዳል፤ ግመል ኮፓ የለውም።

ከጧቱ አራት ሰዓት ገደማ የሆነው ይኸው ነው። የግራ የፊት ጎማችን ሰጠመ፣ ከሥራችን ድርቅ ያለ የብረት ድምፅ ተሰማ፣ መኪናው ተንገጫግጮ ወጣ። ሾፌራችን በዚያው ቅጽበት ቁልፉን አዙረው ሞተሩን አጠፉ። በመሪው ፊት ያለው ቀይ የዘይት መብራት ገና አልበራም ነበር። ከኋላ የተቀመጠው አንድ ባልደረባችን «ጋሼ፣ መብራቱ እኮ አልበራም፤ ዶዶም ቅርብ ነው፣ ቀስ ብለን እንድረስ» አለ። እርሳቸውም «ልጄ፣ መብራቱ የሚበራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው» ብለው ወረዱ።

እዚህ ላይ የሾፌሩን ቃል ትንሽ ማብራራት ይገባል። ኮፓው የሞተሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። የዘይት ፓምፑ ከገንዳው ግርጌ በአንድ የወንፊት አፍ ዘይቱን እየመጠጠ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዘይቱም በሚሽከረከሩት ብረቶች መካከል ከፀጉር የቀጠነ ንጣፍ ሆኖ ይገባል። ብረቱ ብረቱን ሳይነካ የሚዞረው በዚህ ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ነው። ቀዩ መብራት የሚለካው በገንዳው ውስጥ ያለውን የዘይት መጠን ሳይሆን ፓምፑ የሚገፋበትን ኃይል ነው። ዘይቱ ግማሹ ሲፈስ ፓምፑ አሁንም የሚመጥጠው ስላለው መብራቱ ዝም ይላል። የወንፊቱ አፍ አየር መሳብ ሲጀምር መብራቱ ይበራል፤ ያን ጊዜ ብረት ከብረት ተገናኝቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሞተሩ ይነክሳል። የነከሰ ሞተር በኤርታሌ ሜዳ ላይ በምንም አይጠገንም።

ከመኪናው ሥር ስናይ ጥቁር ዘይት እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ረዳቱ ሳፋ አስገባ፤ ግማሹ ግን ድንጋዩ ጠጥቶት ነበር። ቀዳዳው የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ቅዳጅ ነው፤ ዙሪያው ወደ ውስጥ ተጨምድዷል። ሾፌራችንን ያሳሰባቸው ቅዳጁ ብቻ አልነበረም። ገንዳው ወደ ውስጥ ሲገባ የወንፊቱን አፍ ሊደፍነው ይችላል፤ በአፉና በገንዳው ወለል መካከል ያለው ክፍተት ትንሽ ነውና። ዘይት ሳያፈስ የተጨመደደ ኮፓ እንዲያውም ከተቀደደው የባሰ አታላይ ነው፤ መለኪያው ሙሉ ነው ይላል፣ ሞተሩ ግን ይጠማል። ጣታቸውን አስገብተው ዳበሱና ጭምድዱ ከአፉ ራቅ ያለ መሆኑን አረጋገጡ። አልሐምዱ ሊላህ አልን።

የፊተኛው መኪና ርቆ ሄዷል። ስልክ አይሠራም። ከእኛ ጋር የነበረው ውሃ 25 ሊትር ያህል ነው፤ ሰዎቹ አራት መምህራን፣ ሾፌሩና መሪያችን፣ ከረዳቱ ጋር ሰባት ነን። ረዳቱ እየሳቀ «እኔን አትቁጠሩኝ፣ ከመኪናው ሥር ጥላ አለኝ» ይል ስለነበር ስድስት እያልን ነው ውሃውን ያከፋፈልነው፤ እርሱም ድርሻውን ከሁሉ በፊት ይወስድ ነበር። ለዙህር ሶላት ተየሙም አደረግን፤ ውሃው ለመጠጥ ብቻ ቀረ።

መሪያችን የአፋር ወጣት ነው። ከሩቅ አንድ እረኛ አይቶ ወደ እርሱ ሄደ። ሽማግሌው እረኛ ጥቂት ፍየሎች ይነዳሉ፤ የዚያ ዓመት ድርቅ አፋርን ክፉኛ የጎዳበት ነበርና ፍየሎቹ አጥንታቸው ይቆጠራል። ሁለቱ ሰዎች ተጨባብጠው ቆሙና ወሬ ጀመሩ። እኛ ከጥላችን ሆነን እናያለን፤ ወሬው አያልቅም። ከመካከላችን የተበሳጨ ነበር። «ዘይት ፈሶብናል ብሎ ለመናገር ይህን ያህል ጊዜ?»

ነገሩ ግን ዳጉ ነው። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው የሚለዋወጡት ሥርዓት ያለው ዜና ዳጉ ይባላል። ከየት መጣህ፣ ማንን አየህ፣ ዝናቡ የት ወረደ፣ ግጦሹ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን እንግዳ አለፈ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ከዚያ ተራው ይቀየራል። የተሰማው ነገር ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል። በውሸት ዳጉ የተያዘ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም። በዚያ ምድር አንድ የተሳሳተ ወሬ መንጋን ወደሌለ ውሃ ይነዳልና።

ሽማግሌው ከፍየሎቻቸው ያለበውን ትንሽ ወተት ይዘውልን መጡ። አልፈልግም ማለት ነውር ሆነብን፤ እኛም ከዳቦአችንና ከቴምራችን ሰጠናቸው። ልጃቸው ግን ወሬውን ይዞ ወደ ዶዶም አቅጣጫ ሄዷል። ከዐስር በፊት የፊተኛው መኪና ተመልሶ መጣ። ሾፌሩ ገና ሳይወርድ «ሰዎቹ ደህና ናቸው፣ ውሃ እስከ ማታ አላቸው፣ ከፊት በኩል ከሥር ተቀዷል፣ ዘይት ነው የሚያስፈልጋቸው ብለውኛል» አለ። የነበረውን 5 ሊትር ዘይትና የመፍቻ ሣጥኑን አዘጋጅቶ ነበር የመጣው። ቃሉ በሁለት እረኞች አፍ አልፎ ነው የደረሰው፤ አንድም ነገር አልጎደለውም። በከተማ አንድ መልእክት ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲሻገር ምን እንደሚሆን የምናውቅ ሰዎች ዝም አልን።

ጥገናው እንዲህ ሆነ። የፊተኛው ሾፌር ሳሙና እንለጥፍበት አለ። የእኛው ሾፌር ደረቅ ሳሙና ለተበሳ የነዳጅ ታንከር ይሆናል፣ ለትኩስ ዘይትና ለዚህ ያህል ቅዳጅ ግን አይበቃም ብለው ከሣጥናቸው ሁለት ቱቦ አወጡ፤ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ የብረት ማጣበቂያ ነው። የቀረው ዘይት በማፍሰሻው ብሎን በኩል ወጣ። የቅዳጁ ዙሪያ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ደጋግሞ ተጠረገ፤ ከዚያ ቀለሙ ተነስቶ ብረቱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ተፈገፈገ። ዘይት የነካው ብረት ላይ ማጣበቂያ አይይዝም፤ የዚህ ሥራ ዘጠኝ እጁ ማጽዳቱ ነው። ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የተቆረጠ ልጣፊ በማጣበቂያው መካከል ገባ። በሌላ ቦታ የሚያማርረን ሙቀት እዚህ ጠቀመን፤ ቶሎ አደረቀው። እኛም የያዝነው 5 ሊትር ነበርና በሁለቱ ጀሪካን 10 ሊትር ሆነ። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር 9 ሊትር ያህል ይይዛል። በሳፋ የተያዘው ቆሻሻ ዘይት በጀሪካን ተመልሶ ተጫነ፤ ፍየል በሚሰማራበት ቦታ አይደፋም።

ከፀሐይ መግቢያ በኋላ ወደ አፍዴራ ተመለስን። በየጥቂቱ ኪሎ ሜትር ቆመን ከሥር እናበራለን፤ የዘይት መለኪያውን እናያለን። እየተንጠባጠበ ግን ይዞ ደረሰ። በማግስቱ በአስፋልቱ ቀስ ብለን ሎግያ ገባን።

ሎግያ የከባድ መኪኖች ከተማ ናት፤ ጋራዥ ሞልቷል። መካኒኩ ልጣፊውን አይቶ ፈገግ አለና «ይህ የመንገድ እንጂ የመኖሪያ አይደለም» አለ። ሁለት አማራጭ ነበር፤ አሮጌውን መበየድ ወይም መቀየር። ብየዳ የሚያዋጣው ቅዳጁ በጠፍጣፋው ክፍል ላይ ሲሆንና ኮፓው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበት ከንፈር ካልተጣመመ ነው። ከተበየደ በኋላም ውጭውን ጠመኔ ቀብቶ ውስጡ ላምባ ጨምሮ ማሳደር ይገባል፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ካለ ላምባው ጠመኔውን አርሶ ራሱን ያጋልጣል። የእኛው ከንፈሩ ጠምሞ ስለነበር መቀየር ተወሰነ። አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተደውሎ ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። መካኒኩ ሳይገጥመው ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ጥልቀቱን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና የማፍሰሻውን ጥርስ አስተያየ። በውጭ የሚመስል በጥልቀት የሚለይ ኮፓ አለ።

ኮፓውን ማውረዱ ከታሰበው በላይ ሰዓት ወሰደ። መኪናው በክሪክ ብቻ አልተነሳም፤ ሻንሲው በጠንካራ እግሮች ላይ ተደግፎ የፊት አክስሉ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ተደረገ። ኮፓው በአክስሉ ላይ አልፎ የሚወጣበት ቦታ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላም አልወርድ አለ፤ የቀድሞው ሲልኮን ሙጭጭ አድርጎ ይዞታል። ተለማማጁ ልጅ ካቻቢቴ ይዞ ሊፈለቅቅ ሲል መካኒኩ እጁን ያዘው። በሞተሩ ገላ ላይ የተጫረ መስመር አዲሱን ኮፓም ያፈስሰዋል። በስስ ምላጭ ዙሪያውን ቆርጦ አወረደው።

ከዚያ ሁላችንም የምንፈራውን አየ፤ የገንዳውን ግርጌ። ዝቃጩን በጣቱ አሽቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ቢኖር ሞተሩ ተጎድቷል ማለት ነው። አልነበረም። ቁልፉን በወቅቱ ማጥፋት ያተረፈው ይህን ነው። በወንፊቱ ላይ ግን የደረቀ የሲልኮን ቁራጭ ተለጥፎ ተገኘ፤ ከዚህ በፊት የገጠመ ሰው አብዝቶ የቀባው ወደ ውስጥ ተርፎ የተቆረጠ ነው። ሲልኮን እንደ ቅቤ መለቅለቅ እንደማያጠብቅ ከዚህ ይታወቃል። መካኒካችን ቀጭን መስመር ከብሎን ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ባለው በኩል አሳለፈና ሳይደርቅ ገጠመው። ብሎኖቹን በአንድ ጊዜ አላጠበቀም፤ ከመካከል ጀምሮ እያፈራረቀ በሁለትና በሦስት ዙር ነው። ትናንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ጉልበት ከበዛባቸው ከንፈሩን ያጣምሙታል። ሲልኮኑ እስኪጠነክር ቆየ፤ ከዚያ አዲስ ፊልትሮ፣ ለማፍሰሻው አዲስ ቀለበት፣ አዲስ ዘይት። ሞተሩ ሲነሳ ሁላችንም የምናየው ቀዩን መብራት ነበር። ጠፋ። ጥቂት ሠርቶ ቆመ፤ ዘይቱ እንደገና ተለካ፤ ከሥሩ ደረቅ ነው።

ስለ መከላከያው ግን ሾፌራችንና በያጁ ተከራከሩ። ሾፌራችን ወፍራም ብረት ይሁንልኝ አሉ። በያጁ ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን የሚታሰርበት ቦታ ነው ዋናው አለ፤ እኔም የእርሱ አስተያየት ይሻላል ባይ ነኝ። መከላከያው ከሞተሩ ጋር ቢታሰር ምቱን በቀጥታ ለሞተሩ ያደርሳል፤ መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር ነው። በእርሱና በኮፓው መካከልም ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ብረቱ ሲጨመደድ ኮፓውን እንዳይነካ። የ4 ሚሊ ሜትር ብረት ተመረጠ። የፊት ጠርዙ ወደ ላይ ታጠፈ፤ በድንጋይ ላይ እንዲንሸራተት እንጂ እንዲታረስ አይደለም። የብሎኖቹ ራስ ተቀብሮ ገባ፣ ወጥቶ ቢቀር የመጀመሪያው ድንጋይ ይቆርጠዋል። ለማፍሰሻው አንድ ትልቅ ቀዳዳ፣ ለአየርና ለአሸዋ መውጫ ደግሞ ሌሎች ተበሱ። ይህ በአፋር ሙቀት ግድ ነው፤ በሣር አገር ለሚነዳም ሌላ ጥቅም አለው፤ በመከላከያው ላይ የተጠራቀመ ደረቅ ሣር ከጭስ ማውጫው ሙቀት ጋር ተገናኝቶ መኪና ያቃጥላል። መከላከያ አንድ ጉዳትም አለው። የሚንጠባጠብ ዘይት ይደብቃል። ስለዚህ በየጊዜው አውርዶ ማየት ያስፈልጋል፤ በብየዳ ሳይሆን በብሎን የሚታሰረው ለዚህ ነው።

በዓመቱ፣ በጥር 2009 ዓ.ም.፣ የኤርታሌ የእሳት ሐይቅ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተራራው በጎኑ ተሰንጥቆም አዲስ ድንጋይ በሜዳው ላይ ተነጠፈ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. እንደገና ፈነዳ፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከእርሱ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ አፍዴራ አካባቢ ወረደ። እኛ ከዚያ መካከል በ2010 ዓ.ም. ከእኚያው ሾፌር ጋር ተመልሰን ሄደን ነበር። የኋለኛው መኪና ከፊተኛው ዓይን እንዳይጠፋ ተስማማን። ክፉ በሆነው ቦታ ሁሉ ከእኛ አንዱ ወርዶ ከፊት እየተራመደ ቅርፊቱን በእግሩ ይመታል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ መኪናው ይዞራል። ከፍ ያለ ድንጋይ ሲመጣም ሾፌራችን በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከማሳለፍ ይልቅ ጎማውን ራሱን ድንጋዩ ላይ ያወጡታል፤ ሆዱም አብሮ ይነሳል። እንዲህም ሆኖ መከላከያው ሁለት ጊዜ ተመታ። አፍዴራ ስንመለስ ሾፌራችን ሻይ ሳይጠጡ ምንጣፍ ዘርግተው ከሥር ገቡ። የላሉ ሁለት ብሎኖች አጠበቁ፤ በቀዳዳው በኩል ጣታቸውን ሰደው ኮፓውን ዳበሱና ደረቅ ጣታቸውን አሳዩን።